ከኩበት እስከ ካርቦን፦ የምድጃ ፕሮግራሞች ታሪክ ከሽንዲ ሲታይ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። ልጅቱ እንደ እኔው የወምበርማ ተወላጅ ናት። ትምህርቷን ስትጨርስ በአየር ንብረት ፖሊሲና በንጹሕ ኃይል ፕሮግራም አስተዳደር ሙያ ለመሠማራት እንደምትፈልግ ነገረችኝና፣ «መምህር፣ ይህ ሙያ በአገራችን የጀመረው መቼ ነው?» አለችኝ። እኔም «ከእናትሽ ምድጃ ነው» ብዬ መለስኩላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ እንዳልነበር ለማስረዳት ያን ዕለት ጊዜ አልነበረኝም፤ የዛሬው ንግግር ያንን ዕዳ መክፈያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ፤ ሰነዶቹ በዚያው ስለ ተጻፉ ነው።

ሽንዲን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከቡሬ አለፍ ብላ የምትገኝ የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አገሩ በርበሬና በቆሎ የሚያበቅል፣ በደቡብ በኩል ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ላይ የሚያበቃ ነው። እኔ በልጅነቴ ማገዶ ቸግሮን አያውቅም ነበር። ቆላው ቅርብ ነው፤ እንጨቱ በሴቶች ጀርባና በአህያ ይመጣል፤ እናቴም በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣዷን ጥዳ ስትጋግር ዓይኗ ከጢሱ የተነሣ ያነባል እንጂ የሚነደውስ አልጠፋም ነበር። አንድ በጋ ግን ወደ ደጋው፣ ሰከላ ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ ወሰደችኝ። እዚያ በየደጁ እንደ ጎጆ ተከምሮ ያየሁት ኩበት ነበር። አክስቴ እበቱን ከገለባ ጋር ለውሳ፣ ጠፍጥፋ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ እኔም ሳላውቅ ረግጬው ተቆጣችኝ። ወደ ቤታችን ስንመለስ እናቴ በመንገድ ላይ ለብቻዋ እንደምታወራ ሰው ሆና «እርሻቸውን እኮ ነው የሚያነዱት» አለች። ማንበብም መጻፍም የማትችል ሴት ነበረች። ይህን አነጋገር ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ የዓለም ባንክ ጽሑፍ ውስጥ፣ በሠንጠረዥና በቀመር ተደግፎ፣ አገኘሁት።

ወደዚያ ጽሑፍ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጥቀስ። የማገዶ ጉዳይ በኢትዮጵያ መንግሥት ዘንድ ጥንታዊ ጉዳይ ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አዲሲቱ ዋና ከተማ በዙሪያዋ ያለውን ደን ጨርሳ ማገዶ ስላጣች ነው። ያለ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ባለችበት አትጸናም ነበር ማለት ማጋነን አይመስለኝም። ሆኖም ይህ ለከተማ የተደረገ ነገር ነው። የገጠሩ ምድጃ የመንግሥትም የባለሙያም ጥያቄ ለመሆን ሌላ ክፉ ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

ያ ዘመን 1984 ነው፤ የረኃቡ ዓመት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በጋራ የኢትዮጵያን የኃይል ዘርፍ የሚገመግም ሪፖርት አወጡ። እንደዚሁ በዚያው ዓመት ኬኔዝ ኒውኮም የተባለ አውስትራሊያዊ የባንኩ ባለሙያ ስለ ኢትዮጵያ የገጠር ደን ልማት አንድ ጥናት ጻፈ። ጽሑፉ አንድ መንደር ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚደኸይ ያሳያል። መጀመሪያ በአካባቢው ያለው ደን ይመነምናል፤ ቀጥሎ እንጨት ለገበያ መሸጥ ይጀመራል፤ ከዚያ እበትና የሰብል ተረፈ ምርት እርሻውን ትተው ወደ ምድጃ ይገባሉ፤ ኋላም ኩበት ራሱ የገበያ ዕቃ ይሆናል፤ በመጨረሻም አፈሩ ዘር መመለስ ያቅተዋል፤ ሰዉም አገሩን ጥሎ ይሄዳል። እናቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለችው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ኒውኮም ጉዳቱን በእህል ምርት ማስላቱና ዛፍ መትከል ለአገር ኢኮኖሚ የሚያዋጣ ሥራ መሆኑን ለገንዘብ ሰዎች በገንዘብ ቋንቋ ማስረዳቱ ነው። ይህን ሰው ስሙን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የሆነው በጥናት ላይ ጥናት ነው። በ1986 የኢትዮጵያ ብሔራዊ የኃይል ኮሚቴ ቼዘን ከተባለ የጣሊያን ድርጅት ጋር ሆኖ የአገሪቱን የኃይል ሀብትና ፍጆታ በሰፊው አጠና። ኢትዮጵያ በዋነኛነት የምትኖረው በነዳጅም በኤሌክትሪክም ሳይሆን በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ መሆኑ፣ ከቤት ውስጥ ፍጆታም ትልቁን ድርሻ እንጀራ መጋገር የሚወስደው መሆኑ በቁጥር የተረጋገጠው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የእኛ መሐንዲሶች ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበሩት «የተሻሻሉ ምድጃዎች» በአብዛኛው ለድስት የተሠሩ ነበሩ። ድስት የማይጥድ ቤት የለም፤ ማገዶ ጨራሹ ግን ምጣዱ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ የኃይል ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሥራቸውን ከምጣዱ ስፋት ጀመሩ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ እየተሠራ የሚገጣጠም፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ እሳቱን የሚያቅፍ፣ በስተኋላው ጢስ የሚያስወጣና በዚያው ትኩሳት ድስት የሚያስጥድ ምድጃ አበጁ። ምርጥ ምድጃ የምንለው ይህ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል ተባለ። ለከሰል ተጠቃሚው ደግሞ ላቀች የተባለው ምድጃ ቀረበ።

ሁለተኛው ብልሃት ምድጃውን የሚያመርተው ማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። መንግሥት ፋብሪካ አላቆመም። ከ1998 ጀምሮ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ማለትም ጂቲዜድ፣ በገባበት ፕሮጀክት በየወረዳው ከተማ አነስተኛ አምራቾችን ማሠልጠንና የቅርጽ ማውጫውን መስጠት፣ ከዚያም ለገበያ መልቀቅ ተመረጠ። ከአምራቾቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ሴትዮዋ ምድጃውን ሠርታ ካልሸጠች አትበላም፤ የሸጠችው ከተሰነጠቀም ገዢዋ ገበያ ላይ ታገኛታለች። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አምራቿ እዚያው ናት። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ቀጥሎ የማወራው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ባዮጋዝ ወደ አገራችን የገባው ከምርጥ ምድጃ እጅግ ቀድሞ፣ በ1957 በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነው። አሠራሩ ለማስረዳት ቀላል ነው። እበቱ በእኩል መጠን ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ከመሬት በታች ወደ ተገነባ፣ አየር ወደማያስገባ ጉድጓድ ይገባል፤ በዚያ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ማድቤት ሄዶ ይነዳል፤ የተረፈው ዝቃጭ ደግሞ ተመልሶ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። እስቲ አስቡት፦ እበቱ ይነዳል፣ እርሻውም አይነድም። የእናቴን ቅሬታ በአንድ ጊዜ የሚመልስ ነገር ነው። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች ወደዱት፤ በሁለት ዐሥርተ ዓመታት ተኩል ውስጥ በልዩ ልዩ ድርጅቶች አማካይነት ወደ 1,000 የሚጠጉ ማብላያዎች ተገነቡ። በ2006 ብሔራዊ ፕሮግራም ለማቋቋም የአዋጭነት ጥናት ሲደረግ ግን ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ምክንያቶቹ ተዘርዝረዋል፦ ክትትል ማጣት፣ የቴክኒክ ብልሽት፣ የከብት ማነስ፣ የውሃ ችግር፣ የባለቤቱ ፍላጎት መጥፋት። እኔ እነዚህን ሁሉ አንድ አድርጌ ነው የማነባቸው። ቧንቧው ሲያፈስ የሚጠራ ሰው አልነበረም። የገነባው ሰው ከፕሮጀክቱ መኪና ጋር ሄዷል።

በ2008 ገደማ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ይህን ለማረም ታስቦ የተነደፈ ነው። ኤስኤንቪ የተባለው የኔዘርላንድስ የልማት ድርጅት ደገፈው፤ ትግራይ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ክልሎች ተመረጡ፤ ከኔፓል የመጣው ንድፍ ለአገራችን ተስተካክሎ «ስንዱ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ግንበኞች በየአካባቢያቸው ሠለጠኑ። ግቡ በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያዎችን መገንባት ነበር፤ በ2013 ማብቂያ የተገነቡት ከ8,000 ጥቂት አለፍ ብለው ነው። ይህን ቁጥር ውድቀት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ከ1957 ጀምሮ በአገሪቱ ከተሠሩት ሁሉ ስምንት እጥፍ ያህል በአምስት ዓመት ተሠርቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማብላያው የሚተከልለት ቤት ቢያንስ አራት ከብትና ቅርብ ውሃ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት ኩበት ለቅማ የምታነደው ባል የሞተባት ሴት ከጅምሩ ከመዝገቡ ውጭ ናት። በተጨማሪም ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፣ መብራት ያበራል፤ እንጀራ ለመጋገር ግን ለረጅም ጊዜ የሚሆን ምድጃ አልተገኘለትም ነበር። የባዮጋዝ ባለቤት የሆነችው እመቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ወደ ጉልቻዋ ተመለሰች። ከኔፓል የመጣው ንድፍ ምጣድ አያውቅም።

አሁን ወደ ፖሊሲው ልምጣ። ምድጃ የአየር ንብረት ጉዳይ የሆነው በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ1994 ነው። የዚህን ሙያ የፖሊሲ ክንፍ በአገራችን ማን አቀና ተብሎ ቢጠየቅ አንድ ስም መጥራት ግድ ነው፦ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር። የአድዋ ተወላጅና የዕፅዋት ሊቅ የነበሩት እኚህ ሰው ብሔራዊውን የዕፅዋት ማከማቻ መርተዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲንና የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ከዚያም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት መርተዋል። በካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ድርድር የታዳጊ አገሮችን ወገን መርተው መብታቸውን ማስከበራቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ2023 አርፈዋል። ከእርሳቸው በኋላም ተደራዳሪ አልጠፋም፤ በ2017 እና በ2018 እጅግ ያላደጉ አገሮችን ቡድን በአየር ንብረት ድርድር የመሩት አቶ ገብሩ ጀምበር ኢትዮጵያዊ ናቸው።

በታኅሣሥ 2009 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአፍሪካን ድምፅ ይዘው ኮፐንሃገን ገቡ። ለታዳጊ አገሮች በዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ወዲያው እንዲጀመርና በ2020 ወደ 100 ቢሊዮን እንዲደርስ ያቀረቡት ሐሳብ ከአፍሪካ የሲቪል ማኅበራት ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ከሚገባን አሳንሰው ጠየቁ ተብለዋል። ክርክሩን ዛሬ አልፈርድበትም። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ከሁለት ዓመት በኋላ በደርባን ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነው። ሰነዱ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ ይነሣል፤ በነበረበት ከቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል፤ በ150 ሊገታ ይገባል ይላል። ከደን ጋር ከተያያዘው ልቀት 46 በመቶውን ለማገዶ ይሰጣል። መፍትሔውም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ፦ እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን የተሻሻሉ ምድጃዎች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የእናቴ ጥያቄ «ምን ይነዳል?» ነበር። የ1984ቱ ጥያቄ «ስንት ኩንታል እህል ይታጣል?» ሆነ። የ2011ዱ ደግሞ «ስንት ቶን ልቀት ይቀራል?» ነው። ጥያቄው በተለወጠ ቁጥር ገንዘቡ እየበዛ፣ ጠያቂው ከምጣዱ እየራቀ ሄዷል። ቶን በዓይን አይታይም። የሚቆጠረው ምድጃው ነው፤ ምድጃውን በተገመተ ቁጥር ታባዛዋለህ፣ ቶን ይወጣልሃል። የፕሮግራም አስተዳዳሪው ሙያ በአብዛኛው የዚህ ማባዣ ሙያ ሆነ።

ማባዣው ግን ትክክል ነበር? በ2015 አበበ በየነ፣ ዘነበ ገብረእግዚአብሔር፣ ዓለሙ መኮንንና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ። በኢትዮጵያ ገጠር ምርጥ ምድጃን በዕጣ ለተለዩ ቤተሰቦች በልዩ ልዩ መንገድ ሰጡ፤ በምድጃው ላይም ሙቀት የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አኖሩ። ሴትዮዋ ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት «አዎ፣ እጠቀምበታለሁ» ብትል መሣሪያው እውነቱን ይመሰክራል። ውጤቱ፦ አንድ ምድጃ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ማገዶ፣ ወይም ወደ 0.94 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጥባል። ይህ ከዚያ በፊት ይነገር ከነበረው ግማሽ ያህል ነው። ግማሽ! ሌላም አገኙ፤ ምድጃውን በነጻ ያገኙት ቤተሰቦች በእርግጥ ተጠቀሙበት፤ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ ሲተዋወቁም ቁጠባው ጨመረ። በነጻ የተሰጠ ይናቃል የሚለው የተለመደ አባባላችን በዚህ ጥናት አልጸናም። እኔም ከላይ ሽያጭን ሳሞግስ ይህን አልዘነጋሁም፤ አምራቿ በገበያ እንድትኖር እፈልጋለሁ፣ ድሃዋ ግን ዋጋውን ራሷ ትክፈል ማለት አይደለም።

ስሙን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ሰው እመለሳለሁ። ኬኔዝ ኒውኮም ከኢትዮጵያ ኩበት ተነሥቶ በዓለም ባንክ የመጀመሪያውን የካርቦን ፈንድ አቋቁሞ መራ። ኋላም ከባንኩ ወጥቶ ምድጃ እያሠራጨ የካርቦን ክሬዲት የሚሸጥ ኩባንያ መሠረተ። በጥቅምት 2024 የኒው ዮርክ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ኩባንያው በአፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያካሄዳቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች የመስክ መረጃ ከእውነቱ የበለጠ ቁጠባ እንዲያሳይ ተቀይሯል ብሎ በማጭበርበር ከሰሰው። ኩባንያው ከሚገባው በላይ ክሬዲት መውሰዱን ቀደም ሲል በይፋ ተናግሮ ነበር፤ ኒውኮም ግን በበኩሉ ክሱን ክዷል፤ ክስ ደግሞ ፍርድ አይደለም። ይህን ያነሣሁት ሰውዬውን ለማዋረድ አይደለም። የ1984ቱ ጽሑፉ ዛሬም ከማውቃቸው ስለ ገጠራችን ከተጻፉ እጅግ አስተዋይ ጽሑፎች አንዱ ነው፤ ለተማሪዎቼም አስነብበዋለሁ። ነገር ግን የአንድን ሙያ ሙሉ ታሪክ በአንድ ሰው ዕድሜ ማየት ለታሪክ ጸሐፊ እምብዛም አያጋጥምም።

ማንም ያልነደፈው ፕሮግራምም አለ፤ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእርሻው ላይ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል እህል ይዘራል፤ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ሲደርስ ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል፤ መሬቱም መልሶ ለእህል ይውላል። የተራቆተ ኮረብታ በጥቂት ዓመታት ደን ለበሰ። ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት፣ ሎጎ፣ የመዝጊያ ሪፖርት የለም። (ባሕር ዛፉም፣ ዲከረንሱም፣ ኒውኮምም ከአውስትራሊያ መምጣታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።) ይህን እያየን ፕሮግራም ምን ያደርጋል ማለት ያምረናል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዝገት በሽታ ዛፉን ይመታው ጀምሯል። ወረዳ ሙሉ በአንድ ዝርያ ሲኖር በሽታ የሁሉንም ደጅ በአንድ ጊዜ ያንኳኳል። ገበሬው ብቻውን ሊያደርገው የማይችለው ነገር፣ ማለትም በሽታውን መከታተል፣ ሌላ ዝርያ መሞከር፣ ከዓመት ዓመት መዝግቦ መያዝ፣ ያን ጊዜ ይታያል። ፕሮግራም የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል፤ ለመገንባት ሳይሆን ከተገነባ በኋላ እዚያው ለመገኘት።

ከሽንዲ በታች የሚያልፈው ዓባይ ዛሬ በታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተዘጋጁ ተርባይኖችን ያሽከረክራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ አምፖል ለማብራት የተዘረጋ የገጠር መስመር አንድ መንደር በአንድ ጠዋት ቢጋግርበት አይችለውም። ይህ የሚቀጥለው ትውልድ ሥራ ነው፤ የእኔን ንግግር አይመለከትም።

ያቺ ተማሪዬ የተመኘችውን ሙያ አግኝታለች። ባለፈው ዓመት ከመስክ ደወለችልኝ። የተሠራጩ ምድጃዎችን እየዞረች ታረጋግጣለች፤ የያዘችው ቅጽ የሚጠይቀው «ምድጃው አለ» ወይስ «የለም» የሚል ብቻ ነው። «መምህር፣» አለችኝ፣ «ምድጃው አለ። ዶሮ ታቅፋበታለች። እመቤቲቱ አጠገቡ በጉልቻ እየጋገሩ ነው። ምን ልሙላ?»

«አለ ብለሽ ሙይ» አልኳት፤ «ከጎኑም ዶሮዋንም ጻፊያት፣ ለምን በጉልቻ እንደሚጋግሩም እመቤቲቱን ጠይቀሽ ጻፊ።»

«ቦታ የለውም እኮ፣ መምህር።»

«ከጀርባው ጻፊ።»

ጻፈች። የእመቤቲቱ መልስ ምጣዳቸው ከምድጃው ይሰፋል የሚል ነበር።